አንድ ጎራሽ ሽጉጥና በእጅ የሚሞላ ጥይት፤ በአሜሪካ ከ1963 እስከ 1992

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ እንደ መሰላል ሆኖ ይቀርባል። በአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃ በቂጡ ለሚጎርሰው፤ አንድ ጎራሹ ለብዙ ጎራሹ፤ ብዙ ጎራሹም በተራው ለአውቶማቲኩ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል ይባላል። ይህ አባባል ሁልጊዜ እውነት ቢሆን ኖሮ፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሽጉጥ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከ1963 ጀምሮ አንድ ጎራሽ የአደን ሽጉጥ እንደ ገና ተወልዶ፤ ስድስት ጎራሽና አውቶማቲክ ሽጉጥ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ብዙ ወዳጆችን አፈራ። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመስለው እርምጃ ለምን ተወሰደ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፤ በግልጽ ካልተለየ በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳባችንን አስቀድመን እንግለጽ። አንድ ጎራሹን ሽጉጥ መልሶ ያመጣው ናፍቆት ወይም የዋጋ ርካሽነት ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት ጥይቱን በገዛ እጁ የሚሞላው ሰው ነው። እርሱ ከፋብሪካው ደጅ ቆሞ የተሠራለትን የሚቀበል ገዢ መሆኑ ቀርቶ፤ የመሣሪያው ተባባሪ ሠሪ ሆነ። ለዚህም ሥራው የሚስማማው መሣሪያ ብዙ ጎራሹ ሳይሆን አንድ ጎራሹ ነበር።

በመጀመሪያ ጥይትን በእጅ መሙላት ማለት ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ ቀልሃው፤ በቀልሃው ቂጥ የምትገባው እሳት ሰጪ ቆብ፤ ባሩዱና አረሩ። ጥይቱ ሲተኮስ ቆቡ፤ ባሩዱና አረሩ ያልቃሉ፤ ከነሐስ የተሠራው ቀልሃ ግን ይተርፋል። ከአራቱ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ የሚበልጠውም ይኸው የሚተርፈው ነው። እንግዲህ ቀልሃውን ወደ ቀድሞ ቅርጹ መልሶ፤ አዲስ ቆብ አግብቶ፤ ባሩዱን መዝኖና አረሩን አንገቱ ላይ ተክሎ ደግሞ መተኮስ ይቻላል።

የዚህ ሥራ አመጣጥ ለአገራችን አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ ከሆነ ቦታ አይነሣም። በ1866 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ስናይደር ለተባለው ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ሠራ። ይህ ጠመንጃ እኛ «ስናድር» የምንለው ነው፤ በ1868 (በ1860 ዓ.ም.) በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲመጣ የእንግሊዞቹ ወታደሮች ይዘውት የመጡት አንድ ጎራሽ መሣሪያ ነው። በዚያው በ1866 ሂራም በርዳን የተባለ አሜሪካዊ በበኩሉ ሌላ ዓይነት አሠራር አወጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። በቦክሰር አሠራር እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፈው በቀልሃው ቂጥ መካከል ባለ አንድ ቀዳዳ ስለ ሆነ፤ የተቃጠለውን ቆብ በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው። በበርዳን አሠራር ግን ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው በመካከላቸው መምቻ ጉብታ ስላለ፤ ቆቡን ማውጣት ያስቸግራል። የሚያስገርመው፤ አሜሪካኖች የእንግሊዛዊውን ሲመርጡ፤ ከአውሮፓ አገሮች ብዙዎቹ የአሜሪካዊውን መረጡ። ስለዚህ አሜሪካዊ ተኳሽ መሬት ላይ የወደቀውን ቀልሃ አንሥቶ በቤቱ እንደ ገና ሊሞላው ቻለ።

በ1884 ጆን ባርሎ የተባለ ሰው በኮኔቲከት ግዛት አይዲያል የተሰኘውን ኩባንያ አቋቁሞ፤ እንደ ጉጠት በእጅ የሚያዙ የጥይት መሙያ መሣሪያዎችን ይሸጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ጠመንጃ፤ የኛው «ለበን»፤ ተከተለ። አዲሱ ባሩድ ከጥቁሩ ይልቅ እጅግ ኃይለኛ ስለ ነበረ፤ ጥይት መሙላት ከእንግዲህ በግምት የሚሠራ ሥራ አልሆነም። መለኪያው ግሬይን ሲሆን፤ አንዱ ግሬይን 65 ሚሊግራም ያህል ነው፤ በአንድ ፓውንድ ውስጥ 7,000 ግሬይን አለ። የቤት ሙያ የነበረው የቤተ ሙከራን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆነ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ሙያ ተስፋፋ። ብሩስ ሆጅደን በካንሳስ ግዛት ከጦርነቱ የተረፈውን የመንግሥት ባሩድ እየገዛ ለተኳሾች ቸረቸረ። ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ ጠንካራ መጭመቂያዎችንና የቀልሃ ቅርጽ ማስያዣዎችን ሠራ። ጆይስ ሆርናዲ በነብራስካ በ1949 አረር የሚሠራ ድርጅት አቆመ። ከዚህም ቀደም ብሎ በየቤቱ የሚደረገው ሙከራ ፋብሪካዎችን የመራበት ጊዜ ነበር፤ .22 ሆርኔት የተባለው ጥይት በ1920ዎቹ ግለሰቦች ሲሞክሩት ቆይተው፤ በ1930 ዊንቸስተር በፋብሪካ አወጣው። ኤልመር ኪት የተባለው ከብት ጠባቂና ጸሐፊ ደግሞ በእጁ እየሞላ ለብዙ ዓመታት ያደረገው ሙከራ በ1955 ለታወቀው ለ.44 ማግነም ጥይት መንገድ ጠርጓል። እንዲህ ያሉትን ፋብሪካ የማያወጣቸውን ጥይቶች አሜሪካኖች «የዱር ድመት» ይሏቸዋል፤ ባለቤት የላቸውም፤ በየደጁ ይወለዳሉ።

እንግዲህ ወደ ሽጉጡ እንምጣ። በ1963 ሬሚንግተን ኩባንያ ኤክስ ፒ 100 የተባለ አንድ ጎራሽ ሽጉጥ አወጣ። መዝጊያው እንደ ጠመንጃ መዝጊያ ሲሆን፤ እንጨቱ በናይሎን ተተክቷል፤ እጀታውም ወደ መካከል መጥቷል። ለዚህ ሽጉጥ የተዘጋጀው .221 ፋየርቦል የተባለው ጥይት የ.222 ሬሚንግተን ቀልሃ አጥሮ የተሠራ ሲሆን፤ አረሩን በሰከንድ 800 ሜትር ያህል ይወረውረዋል። እንዲህ ያለ ግፊት በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ውስጥ በቀላሉ አይያዝም። በስድስት ጎራሹ ላይ በሚዞረው ከበሮና በአፈ ሙዙ መካከል ክፍተት ስላለ እሳት በዚያ ይወጣል፤ የጥይቱም ርዝመት በከበሮው ርዝመት ይወሰናል። በአንድ ጎራሹ ግን ጥይቱ በቀጥታ በአፈ ሙዙ ውስጥ ስለሚያድር ክፍተት የለም፤ ርዝመቱንም የሚወስን ከበሮም ካዝናም የለም።

ይሁን እንጂ ታሪኩን የለወጠው ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ነው። ዋረን ሴንተር የተባለ መሣሪያ ሠሪ በ1965 በኒው ሀምፕሸር ግዛት በሮቸስተር ከተማ ከሚገኘው ከቶምሰን የመሣሪያ ፋብሪካ ጋር ተባበረ፤ በ1967ም ኮንቴንደር የተባለው ሽጉጥ ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። የቃታው ጠባቂ ወደ ኋላ ሲሳብ አፈ ሙዙ እንደ አዳኝ ድርብ ጠመንጃ ወደ ታች ይታጠፋል፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል፤ ይዘጋል። አፈ ሙዙን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው አንድ የማጠፊያ ካስማ ብቻ ነው። የፊቱ እንጨት ተፈቶ ካስማው ሲወጣ፤ አንዱ አፈ ሙዝ ተነሥቶ ሌላው ይተካል። ከዚህም ሌላ በቂጡ ጠርዝ ተመትቶ ለሚነሣውም በመካከሉ ተመትቶ ለሚነሣውም ጥይት እንዲያገለግል፤ ሁለት መምቻ መርፌዎች ተሠርተውለታል። ስለዚህ አንድ አካል ያለው ሰው ጧት በትንሿ .22 ዒላማ ተለማምዶ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው እጀታ አጋዘን ሊያድን ይችላል።

ሽጉጡን ለራስ ማስማማት የተጀመረው ከዚህ ነው። እጀታው በባለቤቱ መዳፍ ልክ ይቀረጻል፤ መነጽር ይጫንበታል፤ የቃታው ክብደት ይስተካከላል፤ ከሁሉ በላይ ግን አፈ ሙዙ ለተፈለገው ጥይት ተብሎ ይቆፈራል። ለምሳሌ .30 ኼረት የተባለውን እንውሰድ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እጀታ ሠሪው ስቲቭ ኼረትና ጸሐፊው ቦብ ሚሌክ ከ1895 ጀምሮ ይታወቅ የነበረውን የ.30-30 ዊንቸስተር ቀልሃ አሳጥረው፤ ትከሻውንም ወደ ኋላ ገፍተው አዲስ ጥይት ሠሩ። ኃይል ፈልጎ ቀልሃ ማሳጠር ለሰሚው ግራ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ይህ ነው፤ የ.30-30 ጥይት የተዘጋጀው ለረጅም ጠመንጃ ስለ ሆነ፤ ባሩዱ ቀስ ብሎ የሚቃጠል ነው። በ10 ኢንች አፈ ሙዝ ውስጥ አረሩ ወጥቶ ሲሄድ ባሩዱ ገና ተቃጥሎ አላለቀም፤ የቀረው በአየር ላይ ነበልባልና ጩኸት ብቻ ይሆናል። በአነስተኛ ቀልሃ ቶሎ የሚቃጠል ባሩድ ሲሞላ ግን፤ በጥቂት ባሩድ ከሞላ ጎደል ያው ሥራ ይሠራል። ይህን ሐሳብ ያመጡት የሁለት ወዳጆች ሙከራና የአንድ ሽጉጥ አፈ ሙዝ መለወጥ መቻሉ ነው እንጂ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ መሐንዲሶች አይደሉም።

ሌሎችም ተከተሉ። ዌስ ኡጋልዴ የ.223 ሬሚንግተንን ቀልሃ አንገት እስከ 7 ሚሊሜትር አስፍቶ፤ ኩባንያው ራሱ በኋላ የተቀበለውን 7 ሚሊሜትር ቲ ሲ ዩ አወጣ። በኦሃዮ ግዛት ጄ. ዲ. ጆንስ የ.444 ማርሊንን ቀልሃ አጥብቦ ለትላልቅ አውሬ የሚሆን .375 ጥይት ሠራ። በ1976 ደግሞ በኤልጂን ጌትስ መሪነት ዓለም አቀፍ የሽጉጥ ምስለ እንስሳት ዒላማ ማኅበር ተቋቋመ። ከሜክሲኮ በመጣው በዚህ ውድድር ከብረት የተሠሩ የዶሮ፤ የዓሣማ፤ የተርኪና የአውራ በግ ምስሎች በ50፤ በ100፤ በ150 እና በ200 ሜትር ይቆማሉ። ምስሉ መመታቱ ብቻ አይበቃም፤ መውደቅ አለበት። ይህ ደንብ ትክክለኛነትንና ኃይልን በአንድነት ስለሚጠይቅ፤ በእጅ የተሞላ ጥይት ያለው አንድ ጎራሽ ሽጉጥ ከፍ ያለ ዋጋ አገኘ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፤ ነገሩ ሁሉ ለቁጠባ ነው የሚል ነው። ቀልሃ ደጋግሞ መሙላት ወጪ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድን አካል ገዝቶ አምስት አፈ ሙዝ፤ ለእያንዳንዱም የተለየ ቅርጽ ማስያዣ የሚጨምር ሰው ቆጣቢ ሊባል አይችልም። ሁለተኛው፤ አዳኙ በአንድ ጥይት ብቻ መሄድን እንደ ክብር ስለሚቆጥር ነው የሚል ነው። ይህም ከፊሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ክብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጥንቱ ሽጉጥ በበቃው ነበር። ሁለቱም ምክንያቶች አዲስ ጥይት የመፍጠሩን ነገር አያስረዱልንም።

እዚህ ላይ ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባን ነገር አለ፤ እርሱም ኃላፊነት ነው። ፋብሪካ ጥይቱን ሲሸጥ ግፊቱን ለክቶ ነው። በቤቱ የሚሞላው ሰው ግን ባሩድን ከባሩድ ቢያደባልቅ፤ ወይም ሚዛኑን ቢስት፤ የሚፈነዳው በገዛ ፊቱ አጠገብ ነው። በታተመ ሠንጠረዥ የተመለከተውን ልክ አለማለፍና ከዝቅተኛው መጀመር የሙያው የመጀመሪያ ሕግ የሆነው ስለዚህ ነው። የታጠፈው የኮንቴንደር አካልም ወሰን አለው፤ የአፈ ሙዝ መለወጥ የአካሉን ጥንካሬ አይለውጥም። ለአዳኙም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛ ጥይት በቶሎ ስለማይገኝ፤ እርግጠኛ ካልሆነ አለመተኮስ ግዴታው ነው። አለዚያ ቆስሎ የሚሰቃየው አውሬው ነው።

መንግሥትም ቢሆን የሚለዋወጠውን መሣሪያ በምን ስም እንደሚጠራው ተቸግሯል። በ1934 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ አጭር አፈ ሙዝ ያለውን ጠመንጃ፤ በልብስ ውስጥ ስለሚደበቅ፤ በምዝገባና በ200 ዶላር ግብር ሥር አድርጎት ነበር፤ ወሰኑም በኋላ 16 ኢንች ሆነ። በ1985 ኩባንያው ለኮንቴንደር ባለቤቶች 21 ኢንች አፈ ሙዝና የጠመንጃ ሰደፍ ያለው መለዋወጫ አቀረበ። ሰደፉ ከረጅሙ አፈ ሙዝ ጋር ሲገጠም ሕጋዊ ጠመንጃ ነው፤ ከ10 ኢንቹ ጋር ቢገጠም ግን ሕጉ በምዝገባና በግብር ሥር ያደረገው አጭር ጠመንጃ ይሆናል። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ዕቃዎቹ ሳይገጣጠሙ እንኳ አንድ ላይ መሸጣቸው ግብር ያስከፍላል አለ። ኩባንያው ግብሩን ለአንድ መሣሪያ ከፍሎ፤ ይመለስልኝ ሲል ከሰሰ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፤ በሰኔ ወር 1992 ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ለኩባንያው ፈረዱ። ዳኛ ሱተር በጻፉት ሐሳብ ላይ እንደ ተገለጠው፤ የሕጉ ቃል አሻሚ በመሆኑና ሕጉን መተላለፍ የወንጀል ቅጣት ስለሚያስከትል፤ ጥርጣሬው ለተከሳሽ እንደሚተረጐም ሁሉ እዚህም ለግብር ከፋዩ መተርጐም አለበት። አራቱ ዳኞች አልተስማሙም።

ይህን ፍርድ የጥናታችን መዝጊያ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳኞቹ የተከራከሩበት ጥያቄና እኛ የተነሣንበት ጥያቄ ሥሩ አንድ ነው፤ መሣሪያን «ሠራ» የሚባለው ማን ነው? ብረቱን ያፈሰሰው ፋብሪካ ነው ወይስ በቤቱ ገጣጥሞ፤ ቀልሃውን አሳጥሮና ባሩዱን መዝኖ የጨረሰው ሰው? ከዚህ በላይ የዘረዘርነው እንደሚያሳየው፤ ሥራው በሁለቱ መካከል ተከፍሏል። የቶምሰን ሴንተር ኩባንያ በ2007 ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ተሸጧል፤ በእርሱ ሽጉጥ የተፈተኑት ጥይቶች ግን የሞካሪዎቻቸውን ስም እንደ ያዙ ናቸው። ስለዚህ የመሣሪያን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የፋብሪካውን መዝገብ ብቻ አገላብጦ ቢያቆም ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ ሌላው ግማሽ ያለው በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስናድርና ውጅግራ ወደ አገራችን ከገቡ በኋላ በባለቤቶቻቸው እጅ ምን እንደ ተደረገባቸው፤ ባዶው ቀልሃስ ወዴት እንደ ሄደ፤ በዚሁ መንገድ ቢመረመር መልካም ፍሬ እንደሚሰጥ እናምናለን።