ንዳድና ፊደል፦ ወጣት ሚስዮናውያን በሀገራችን የኖሩት ኑሮ

ስለ ሚስዮናውያን የተጻፈልን ታሪክ አብዛኛው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ማን በየትኛው ንጉሥ ዘንድ ሞገስ አገኘ፣ ማንስ ተባረረ፣ በጉባኤ ክርክር ማን ማንን ረታ የሚለው በብዛት አለ። ከሩቅ አገር የመጣው ወጣት ጠዋት ተነሥቶ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ቋንቋ ከማን እንደተማረ፣ ንዳድ ሲጥለው እንዴት እንደጸለየ ግን ዳር ዳሩን ብቻ ይነገራል። የእነዚህ ሰዎች እምነት ከስብከታቸው ይልቅ በኑሯቸው ይነበባል ብዬ ስለማምን ዘመናቱን የምቃኘው በዚሁ በኩል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ለስብከት ብሎ የመጣ አልነበረም። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የጢሮስ ልጆች ናቸው፤ መርከባቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘርፎ አብረዋቸው የነበሩት ሲገደሉ ሁለቱ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። እዚያው አደጉ፣ የንጉሡን ቤት አገለገሉ። ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ በተፈቀደላቸው ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲላክላት አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም ለማኙን እራሱን ሾመው። ይህ በ4ኛው ምእተ ዓመት ነው። ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚባለው፣ መንበሩን ሲይዝ ሕዝቡን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ይህን ቅርበት ለማግኘት ዓመታት መክፈል ነበረባቸው።

ከፍለው ካገኙት አንዱ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓዬዝ ነው። በ1589 ከጎዋ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ሲያቀና 25 ዓመት ቢሆነው ነው። በደቡብ ዓረብ ጠረፍ ተይዞ ሰባት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በምርኮ ኖረ፤ ከፊሉንም በሰንሰለት ታስሮ መርከብ ሲቀዝፍ አሳለፈ። ተዋጅቶ ጎዋ ከተመለሰ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ባለ ነበር። እርሱ ግን በ1603 አርመናዊ መስሎ በምፅዋ በኩል ገባና አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ተቀመጠ። የጀመረው ከልጆች ነው። የሃይማኖት ትምህርቱን በጥያቄና መልስ ወደ አማርኛ አስመልሶ ሕፃናቱን ያስጠና ጀመር፤ በዐፄ ዘድንግል ፊት ትምህርቱን በቃላቸው የተወጡትም ልጆች ናቸው። አማርኛና ግእዝ አጥንቷል፣ በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሲሠራ አናጺና ግንበኛ ሆኗል፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር ተጉዞ የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አይቷል። በ1622 እዚያው ጎርጎራ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ አዘዘ። ንጉሡም ትእዛዙን በጦር ደገፈ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፣ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከሀገር አስወጡ። ፓዬዝ በሃያ ዓመት ያቀናውን ሜንዴዝ በጥቂት ዓመታት አፈረሰው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በነጭ ሰባኪ ላይ የተተከለው ጥርጣሬ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልተነቀለም።

በዚያው ሰሞን ፒተር ሄይሊንግ የሚባል የሉቤክ ወጣት በግብፅ ገዳማት ዓረብኛ ካጠና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ብቻውን ነበር፤ ከወንጌልም ከፊሉን ወደ አማርኛ እንደ ተረጎመ ይነገርለታል። ወደ ሀገሩ ግን አልተመለሰም፤ በመንገድ ሱዋኪን ላይ ተገደለ።

በ1830 ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር ትግራይ ሲደርሱ በእጃቸው የያዙት የአማርኛ ወንጌል የእነርሱ ሥራ አልነበረም። ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ለዓመታት የተረጎመው አባ አብርሃም፣ አቡ ሩሚ የሚባለው መነኩሴ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የአውሮፓውን ሚስዮናዊ ሸክም ያስያዘው የሀገራችን ሰው ድካም ነበር። ኩግለር ያንኑ ዓመት ሳይጨርስ ጠመንጃ ፈንድቶበት ባገኘው ቁስል ሞተ። ጎባት ጎንደር ዘልቆ ከካህናትና ከደብተሮች ጋር እያወጋ ከረመ። ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ስለነበረ ብዙዎች ወደዱት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ታሪክ ነው። የደቡብ ጀርመን ገበሬ ልጅ ነው። በ1837 መጨረሻ አድዋ ሲገባ 27 ዓመቱ ነበር፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ ከጓደኞቹ ጋር ተባረረ። በታጁራ ዞሮ በ1839 አንኮበር ደረሰ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት፤ የሚፈልጉት ግን መድኃኒትና የእጅ ሙያ፣ በተለይም ጠመንጃ ነበር። እርሱ የያዘው መጽሐፍ ነው። ካህናቱም የሚጠይቁት ነገር ነበራቸው፤ ለምን አትጾምም፣ እመቤታችንን ለምን አታከብርም፣ የክርስቶስ ልደት ስንት ነው ይሉታል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከአውሮፓ ሕዝቦች ብዙዎቹ ገና ሳይጠመቁ ክርስቲያን ለነበረ ሕዝብ ክርስትና ሊሰብክ የመጣ ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል። ክራፕፍ ቀኑን ተማሪዎች በማስተማር፣ መጽሐፍ በማደል፣ የብራና መጻሕፍት በመሰብሰብ፣ ኦሮምኛ ቃላት በመጻፍ ያሳልፍ ነበር። ንጉሡ ሲዘምቱም አብሮ ወጥቷል፤ የኦሮሞን ምድር ያየውና የተመኘው ያኔ ነው።

በ1842 እጮኛውን ሊቀበል ወደ ባሕር ሲወርድ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት አስሮ ዘረፈው። ባዶ እጁን ምፅዋ ደረሰ። እስክንድርያ ላይ ሮዚን ዲትሪሽን አገባና ይዟት ተመለሰ፤ የሸዋ በር ግን ተዘግቶ ጠበቀው። በ1843 በምፅዋ በኩል ወደ ትግራይ ሊገቡ ሲሞክሩ ሮዚን በሳሆ በረሃ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ሕፃኗን እንባ ብለው ሰየሟት፤ ቀበሯትም። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞምባሳ ደሴት ወረዱ። በሐምሌ 1844 ሮዚን በንዳድ ሞተች፤ የወለደቻት ሁለተኛ ልጅም በቀናት ውስጥ ተከተለቻት። ክራፕፍ ራሱም በዚያው ንዳድ ተይዞ አልጋ ላይ ነበር። ሚስቱ መቃብሯ በዋናው ምድር እንዲሆንና አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ተናዝዛ ስለነበር እንዲሁ አደረገ።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ሰው በ34 ዓመቱ እንዲህ ተገርፎ ከንዳዱ ሲያገግም ወደ ስዋሂሊ ትርጉሙ ተመለሰ፤ ኦሪት ዘፍጥረትን ጀምሮት ነበርና። እምነቱን በሚመለከት ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። የኦሮሞን ምድር እንደ ተመኘ በደቡብ በኩል ሳይገባ ቀረ፤ በ1881 በሀገሩ ሲሞት ተንበርክኮ በጸሎት ላይ ነበር።

የእርሱ ምኞት ስዊድን ድረስ ተሰምቶ ነበር። በ1866 ሦስት ስዊድናውያን ምፅዋ ሲወርዱ የሚሹት ኦሮሞን ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ወደ ኩናማ ዞሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእነርሱና ተከትለዋቸው ከመጡት ብዙዎቹ በንዳድና በጦር አለቁ። የተረፉት ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ማተሚያም ተከሉ። ወደ ኦሮሞ መድረስ ቢያቅታቸው ኦሮሞ በባርነት ተሸጦ ወደ እነርሱ መጣ። ኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠው ሂካ በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። አምስት ዓመት ስዊድን ተልኮ ተማረ። ለእርሱ ባዕድ አገር ሁለት ነበር፤ አንዱ ቀዝቃዛው ስቶክሆልም፣ ሌላው ሙቁ እምኩሉ። በ1881 ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ አገሩ ሊገባ ሞክሮ ከሽፎበታል። መንገዱ እስኪከፈት ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ጠበቀ።

ጠብቆ ግን አልተቀመጠም። አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተመ። በዚህ ሥራ ስሟ ከስሙ እኩል ሊጠራ የሚገባት አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም በልጅነትዋ በባርነት የተያዘች ናት። ኦነሲሞስ ከልጅነቱ ከኦሮሞ ቤት ስለራቀ ቃል ሲያጥረው ከእርስዋ ይወስድ ነበር። ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከእነ ለዛው ታስታውሳለች፤ ብዙ ሺህ ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አጠናቅራለች፤ በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያም የሁለቱ ሥራ ነው። ኦነሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ደረሰ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባል ሌላ ሰባኪ ግን ቀድሞት በ1898 ከጓደኛው ጋር ወለጋ፣ ቦጂ ገብቶ ነበር፤ ትግርኛ ተናጋሪ ስለነበረ እርሱም ለወለጋ እንግዳ ነው።

የሀገር ልጅ ራሱ ሚስዮናዊ የሆነበት ሌላው ቦታ ደግሞ ወላይታ ነው። በ1928 ሶዶ የሰፈሩት ሚስዮናውያን በ1937 ጣልያን ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ 10 ሺህ እንደተጠጋ ተገመተ። በመካከሉ ያስተማሩት፣ የታሰሩትና የተገረፉት ወላይታዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ የወላይታ አብያተ ክርስቲያናት አዋጥተው ወጣቶችን ከነሚስቶቻቸው ወደ ጎፋ፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ አሪ ላኩ። ወባ ባለበት ቆላ ጎጆ ቀልሰው፣ ከሰፈሩ ልጆች ቋንቋ ይማሩ ጀመር።