የተዘረጋች እጅ



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ በሰንበት ቀን ወደ ምኵራብ ገብቶ እጁ የሰለለች አንድ ሰው እንዳገኘ እናነባለን። ሐኪሙ ሉቃስ ይህንኑ ታሪክ ሲጽፍ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የሰለለችው ቀኝ እጁ ነበረች (ሉቃ. 6፥6)። የፎገራን ሜዳ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ቀኝ እጅ እርፍ የሚጨበጥባት፣ ማጭድ የሚያዝባት፣ እንጀራ የሚቆረስባት እጅ ናት። በርብና በጉማራ ወንዞች አካባቢ ሩዙን ሲያርምና ሲያጭድ የሚውል ገበሬ እጁ ብትሰልል ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ በሰው ፊት ያለውን ቦታም ያጣል። እጁን ከጋቢው ሥር ይደብቃል።

በአገራችን ብዙ እጆችን ከጋቢ ሥር ያስገባው በሽታ የሥጋ ደዌ ነው። የጎንደር፣ የጎጃምና የወሎ ገጠር ይህን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው እነዚያ የተደበቁ እጆች እንደገና እንዴት መዘርጋት እንደጀመሩ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን አንድ ስህተት እናርም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን “ለምጽ” የተባለው ቃል ዛሬ የሥጋ ደዌ ከምንለው በሽታ ጋር አንድ አይደለም። ዘሌዋውያን 13 እና 14ን ብታነቡ፣ ያው ቃል ለልዩ ልዩ የቆዳ በሽታ፣ በልብስ ላይ ለሚወጣ ብልሽት፣ ለቤት ግድግዳ ሳይቀር ሲያገለግል ታገኛላችሁ። ይህን ሳይለዩ “ርኩስ ነው”፣ “እርግማን ነው”፣ “በዘር የሚወርድ ነው” እያሉ ስንቱን ከቤቱና ከጉባኤው አስወጥተውታል! በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑን አገኘ። እርግማን አይደለም፤ ዘርም አይደለም።

ይህ ባክቴሪያ ጣትን ቆርጦ አይጥልም። የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ክርናችን በአንድ በኩል ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ የሚነዝረንን እናውቃለን። ያ ነርቭ ሲጎዳ ሁለት ነገር ይሆናል። ጣቶቹን ቀጥ የሚያደርጉት የመዳፍ ትንንሽ ጡንቻዎች ይሰልላሉ፤ ጣቶቹም እንደ ጥፍራም ወፍ እግር ይቆለመማሉ። ደግሞም እጅ መሰማት ያቆማል። እናት የጋለ ጀበና ታነሳለች፣ መቃጠሏን አታውቅም። ገበሬ ማጭድ ይቆርጠዋል፣ ደሙን ካላየ አያስተውልም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይነካል፣ ጣት ያጥራል። እጅን የጨረሳት በሽታው ራሱ ሳይሆን የሕመም አለመሰማት ነው።

በ1930ዎቹ ዓመታት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለእነዚህ ሰዎች ሆስፒታል አቆሙ፤ በልዕልት ዘነበወርቅ ስምም ተጠራ። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሕሙማን እየመጡ በዙሪያው ሰፈሩ። ምግብና መጠለያ፣ የቁስል ማሰሪያና የእግዚአብሔር ቃል አገኙ። የተቆለመመች እጅን ግን ያን ጊዜ የሚያቀና አልነበረም።

መልሱ ከሕንድ መጣ። ዶክተር ፖል ብራንድ በ1914 በሕንድ ተራሮች ከሚሲዮናውያን ወላጆች የተወለደ፣ ከሕክምና በፊት የግንባታና የአናጢነት ሙያ የተማረ ሰው ነው። በ1946 በቬሎር የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ማገልገል ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መንደር ሊጎበኝ ሄደ። በዚያም የአንዱን ሕመምተኛ የተቆለመመች እጅ ይዞ፣ “በኃይልህ ጨብጠኝ” አለው። ደካማ ንክኪ ሲጠብቅ እጁ እስኪያመው ድረስ ተጨበጠ! በዚያች ቅጽበት ገባው፤ ክንድ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ጡንቻዎች አልሞቱም። የሞቱት የመዳፉ ብቻ ናቸው። እንግዲያው ከሕያው ጡንቻ አንዱን ወስዶ የሞተውን ሥራ ማሠራት ይቻላል።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። ግኝቱ የተጀመረው በመጽሐፍ ላይ አይደለም፤ ሌላው ሊነካት የማይደፍራትን እጅ በመጨበጥ ነው።

ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ነው። የእጅ አንጓን ከሚያንቀሳቅሱ ጅማቶች አንዱን ይወስዳሉ፤ ከእግር በወጣ ቀጭን ጅማት ያስረዝሙታል፤ ጫፉን በአራት ከፍለው ወደ አራቱ ጣቶች ያደርሱታል። እጁ ለሳምንታት በጄሶ ይቆያል። ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይመጣል፤ ፊዚዮቴራፒ። ትናንት አንጓን ያነሳ የነበረ ጡንቻ ዛሬ ጣት ዘርጋ ይባላል። ሕመምተኛው እንደ ሕፃን በየቀኑ ይለማመዳል። እንቅስቃሴ ይመለሳል፤ ስሜት ግን በዚህ አይመለስም። ስለዚህ ጀበናውን በጨርቅ ማንሳት፣ ማታ ማታ እጁን በዓይኑ መመርመር ዕድሜ ልኩን የሚቀጥል ሥራው ነው።

በ1965 ይህ ጥበብ በእኛው አገር ቤት አገኘ። በዘነበወርቅ ሆስፒታል ስፍራ፣ ከመንግሥትና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ክርስቲያናዊ የሥጋ ደዌ ሚሽኖች ተባብረው ዛሬ አለርት የምንለውን የመላው አፍሪካ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል መሠረቱ። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ የጤና ባለሙያዎች በዚያ ሠለጠኑ። ዳርቻ የነበረው ሰፈር ዛሬ በከተማው ተከብቧል።

በሽታው ደግሞ የሚድን ሆኗል። በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው የጥምር መድኃኒት ሕክምና እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ያበቃል፤ በነፃም ይሰጣል። ያም ሆኖ ዛሬም በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ ክልላችንም ከእነርሱ ነፃ አይደለም። ስለዚህ በቆዳችሁ ላይ የደበዘዘ ወይም የቀላ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ፣ ወይም ጣታችሁ መደንዘዝና መድከም ከጀመረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነርቭ በቶሎ ከተደረሰለት እጅ ሳይቆለመም ሊተርፍ ይችላል። ጸልዩ፤ ሂዱም። ጸሎት ከሐኪም ቤት የሚያስቀር አይደለም። የዘገየ ሰው እጁን ያጣል።

አንድ ነገር ግን ሐኪም ብቻውን አይሠራውም። ብራንድ እጃቸውን ያቀናላቸው ሰዎች ወደ እርሱ ተመልሰው አዘኑ። የቀናችው እጅ ምጽዋት አታስገኝም፤ ሥራ የሚሰጣቸው ደግሞ የለም። እርሱም የቀድሞ አናጢነቱን አስታውሶ ሙያ የሚማሩበት መንደር ከፈተላቸው። ሐኪም እጅን ይዘረጋል፤ የተዘረጋችውን እጅ የሚጨብጣት ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለጉባኤ ነው። ጌታ እጁ የሰለለችውን ሰው ጥግ ላይ አልፈወሰውም። ተነስቶ በመካከል እንዲቆም ጠየቀው፤ የደበቃትንም እጅ በሁሉ ፊት እንዲዘረጋት አዘዘው። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። ታዲያ በጌታ እራት ጽዋ ሲዞር ስለ ምን የመጨረሻው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን? ልጁን ለጋብቻ ስንጠየቅ ስለ ምን ዘሩን እናጣራለን? ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 አንዱ ብልት ሲሠቃይ ሌሎቹ አብረውት እንደሚሠቃዩ ያስተምረናል። የወንድሙ ስቃይ የማይሰማው ጉባኤ ነርቩ የሞተ እጅ ነው፤ እየተቃጠለ አያውቅም።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቼም ስሙኝ። ምናልባት የደበቃችሁት እጅ ሳይሆን ሕይወት ይሆናል። የናዝሬቱ ኢየሱስ ማንም ሊነካው ያልደፈረውን ነክቷል። የሚጠይቃችሁ ያቀናችሁትን ሳይሆን የሰለለውን እንድትዘረጉለት ነው።

በዚህ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ እጁን ከጋቢው የማያወጣ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ ቀድማችሁ እጃችሁን ዘርጉለት። ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።