አምባዛን በኩሬ የማራባት ጥረት ታሪክ

የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የናርመር ስም ይጻፍባቸው ከነበሩት ምልክቶች አንዱ የአምባዛ ወገን የሆነ ዓሣ ሥዕል ነው። ከዚህም የዓባይ ሸለቆ ሰዎች ዓሣውን ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁት እንደ ነበር እንረዳለን። አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ገላው እስካልደረቀ ድረስ ከውኃ ወጥቶ ለሰዓታት ይቆያል፤ በደፈረሰ ኩሬ ይኖራል፤ ያገኘውንም ይበላል። እንዲህ ያለው ዓሣ ከሌሎቹ ቀድሞ ለማዳ ይሆናል ተብሎ ቢገመት አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በኩሬ ማኖሩ የቀለለውን ያህል ማራባቱ አስቸጋሪ ሆኖ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ቆይቷል።

ምክንያቱ የሚገኘው ከዓሣው ጠባይ ላይ ነው። አምባዛ የሚራባው ዝናብ ጥሎ ወንዙና ሐይቁ ሲሞላ፣ ዳር ያለውም ሣር በውኃ ሲጥለቀለቅ ነው። ሌሊት ወደዚያ ወጥቶ ዕንቁላሉን በሣሩ ላይ በትኖ ይመለሳል፤ ልጆቹን አይጠብቅም። በኩሬ የተያዘች እንስት ግን ዕንቁላሏን ታበስላለች እንጂ አትጥልም፤ የጎርፉ ምልክት ጎድሏታልና። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ እስከ መጨናነቅ ድረስ በራሱ ሲራባ፣ አምባዛ አርቢው ጫጩቱን ከወንዝ ዳር ለቅሞ ማምጣት ነበረበት።

የመፍትሔው መነሻ ከአፍሪካ ውጭ በሌሎች ዓሦች ላይ የተደረገ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮዶልፎ ፎን ኢሄሪንግ የተባለው የብራዚል ሊቅ ከዓሣ አንጎል ሥር የሚገኘውን የፒቱታሪ ዕጢ አውጥቶ ለሌላ ዓሣ በመርፌ በመስጠት ዕንቁላል ማስጣል እንደሚቻል አሳየ። የጎርፉን መልእክት ወደ ዕንቁላል አመንጪው አካል የሚያደርሰው ይህ ዕጢ በመሆኑ፣ ጎርፉ ቢቀርም መልእክቱን በመርፌ ማድረስ ተቻለ።

ይህ ዘዴ ለአምባዛ በሰፊው የተሞከረው በ1970ዎቹ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፑብሊክና በካሜሩን ነው። በተለይም በካሜሩን ፉምባን የተደረገውና ሆገንዶርን የተባለው ተመራማሪ ከ1979 ጀምሮ ያሳተመው ጥናት ለኋለኞቹ መመሪያ ሆኗል። እንስቲቱ መርፌ ከተወጋች በኋላ ውኃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከሆነ ግማሽ ቀን ገደማ ተጠብቆ ሆዷ በእጅ እየታሸ ዕንቁላሉ ይወጣል። ወንዱ ግን ሆዱ ቢታሽም ዘሩን ስለማይሰጥ ታርዶ የዘር ፍሬው ይወሰዳል። የተዳቀለው ዕንቁላል ከአንድ ቀን ጥቂት አልፎ ይፈለፈላል። በዚያን ጊዜ ይህ አንድ ዓሣ በሰሜን፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ በተለያየ ሳይንሳዊ ስም ይጠራ ነበር፤ አንድ ዝርያ መሆኑን ቶይገልስ የተባለው ሊቅ በ1986 ባወጣው ጥናት አጸና።

አንዲት እናት በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትሰጣለች። አኃዙ በዕቅድ መዝገብ ላይ ሲታይ ያስጎመጃል፤ ነገር ግን የሚያሳስት አኃዝ ነው። እጩ ከአስኳሉ የያዘውን ስንቅ በሦስት ቀን ገደማ ይጨርስና ደቃቅ የውኃ እንስሳትን መሻት ይጀምራል። ይህ ምግብ ካልተዘጋጀለት ያልቃል። ቢዘጋጅለትም እንቁራሪትና የውኃ ነፍሳት ይበሉታል፤ ከእነርሱ የተረፈውንም ፈጥኖ ያደገው ወንድሙ ይውጠዋል። በኮንጎ ብራዛቪል የተደረገ ሙከራ ኩሬውን በአጥር መከለል ብቻ የሚተርፈውን ጫጩት እጅግ እንደሚያበዛ አረጋግጧል። በዚህ ዘርፍ ስኬት መመዘን ያለበት በተቆፈረው ኩሬ ወይም በተገኘው ዕንቁላል ብዛት ሳይሆን ከአንድ ወር በኋላ በሕይወት ባለው ጫጩት ነው።

ናይጄሪያ ዛሬ በአምባዛ እርባታ ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘችው ጫጩት ማስፈልፈልና ማሳደግ ራሱን የቻለ የንግድ ሥራ ስለሆነባት ጭምር ነው። በኢትዮጵያ አምባዛ በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ይገኛል፤ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ወገኖችም አሉ። የደጋው ውኃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዕንቁላሉ የሚፈለፈልበትን ጊዜ ያረዝማል፤ እድገቱንም ያዘገያል። ስለዚህ የማስፈልፈያው ጣቢያ በስምጥ ሸለቆው ሞቃት ውኃ አጠገብ ቢቋቋም፣ ለሌሎቹም አካባቢዎች ጫጩቱ ከዚያ ቢጓጓዝ ይሻላል።