በኮምፕዩተር ሥዕል የመሣል ዘዴ ታሪክና ስሕተትን የማረም ነጻነት

መግቢያ

በእርሳስ የሚጽፍና በቀለም የሚጽፍ ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ መምህር ሁሉ የሁለቱን ልዩነት ያውቀዋል። የመጀመሪያው ይሞክራል፤ ባይሆንለት በላጲስ አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል። ሁለተኛው አንዴ ያሰፈረው መሥመር ስለማይጠፋለት ከመጻፉ በፊት ብዙ ያመነታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመሳሳት ባዶ ወረቀት መመለስን ይመርጣል። የማስተማሪያ መሣሪያ እውቀት ማስተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የተማሪውን ድፍረት የሚወስን መሆኑ ከዚህ ቀላል ምሳሌ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በማውስ እየተመሩ በኮምፕዩተር ስክሪን ላይ ሥዕል የሚሣልባቸው ፕሮግራሞች እንዴት እንደ ተገኙ መግለጽና፣ በተለይም የሠሩትን መልሶ የመሻር ዕድል በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ እንዴት ቦታ እንዳገኘ ማሳየት ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ነው። ሆኖም በውስጡ ያለው ጥያቄ ውሱን ሀብት ለምን ጉዳይ ይመደብ የሚል ስለ ሆነ፣ በየትኛውም አገር ያለን መምህርና ዕቅድ አውጪ የሚመለከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመሥመር ወደ ነጥብ

በኮምፕዩተር ሥዕል የመሣል ሙከራ ማውስ ከመስፋፋቱ በፊት የተጀመረ ነው። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዶክትሬት ማዕርግ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም፣ በብርሃን ብዕር ስክሪኑን እየጠቆሙ መሥመርና ክብ ለማውጣት ያስችል ነበር። ስኬችፓድ ሥዕሉን የሚያስታውሰው በመሥመሮቹ ጫፎችና በመካከላቸው ባለው ዝምድና ነው። ይህ አሠራር ለመሐንዲስ ንድፍ እጅግ የሚስማማ ሲሆን፣ በብሩሽ እንደሚቀባ ሰው ጥላና ቅብ ለማውጣት ግን አይመችም።

ሁለተኛው መንገድ ስክሪኑን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ሁኔታ በኮምፕዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ መመዝገብ ነው። ነጥቡ ፒክስል፣ የነጥቦቹ መዝገብ ደግሞ ቢትማፕ ይባላል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ለማስረዳት ከሸማኔ ሥራ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። ጥለት የሚሠራ ሸማኔ ቅርጹን የሚያወጣው ክር እየቆጠረ፣ አንዱን እያነሣ ሌላውን እየተወ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ብሎ የወረደ የሚመስለው ሰያፍ መሥመር ቀርበው ቢመረምሩት ደረጃ በደረጃ የተሠራ ሆኖ ይገኛል። የቢትማፕ ሥዕልም ባሕርይ ይኸው ነው።

የዚህ ዘዴ ዋጋው ሜሞሪ ነው። ሥዕሉ ባዶም ይሁን የተሞላ እያንዳንዱ ነጥብ ቦታ ይይዛል። በ1960ዎቹ ሜሞሪ እጅግ ውድ ስለ ነበር ዘዴው ወዲያውኑ ሊስፋፋ አልቻለም።

2. የማውስ መገኘት

ማውስን ያሰበው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ በ1964 የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ሁለቱም ይሠሩ የነበረው በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ናሙናው ከታች ሁለት መንኮራኩሮች፣ ከላይ አንድ መጫኛ ቁልፍ ያሉት የእንጨት ሣጥን ነበር። አንደኛው መንኮራኩር የጎንዮሹን፣ ሁለተኛው የላይና የታቹን እንቅስቃሴ ይለካል። ኤንግልባርት መሣሪያውን በታኅሣሥ ወር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ጉባኤ ላይ ለሕዝብ አሳየ።

ለመምህራን ትኩረት የሚሰጠው ነገር ከዚህ ቀደም ሲል የተደረገው ማወዳደሪያ ነው። የኤንግልባርት ጓዶች ማውሱን ከብርሃን ብዕርና በጉልበት ከሚንቀሳቀስ መሣሪያ ጋር ባነጻጸሩ ጊዜ፣ ማውሱ ብልጫውን ያሳየው በተለማመዱ ሰዎች እጅ ነበር፤ ለጀማሪዎች ግን ሌሎቹ ይቀሏቸው ነበር። ከዚህ የምንረዳው ማውስ ልምምድ የሚጠይቅ መሣሪያ መሆኑን ነው። እጅ በጠረጴዛ ላይ ሲሄድ ዓይን ስክሪኑን ይመለከታል፤ ይህን ማስማማት እንደ ጽሕፈት ራሱ የሚለመድ ነገር ነው። እንግዲህ ለጀማሪው ሳይሰለቸው እጁን የሚያለማምድበት ሥራ ያስፈልግ ነበር። ያም ሥራ ቆይቶ ሥዕል ሆኖ ተገኘ።

3. ሕፃናት በምርምር ማእከሉ

በ1970 ዜሮክስ ኩባንያ በፓሎ አልቶ ከተማ የምርምር ማእከል አቋቋመ። በዚያም ሪቻርድ ሹፕ በ1973 ሱፐርፔይንት የተባለውን በ256 ቀለማት የሚሠራ የሥዕል ፕሮግራም ከነመሣሪያው አስገኘ፤ ይህ ግን የሚሠራው በማውስ ሳይሆን በብዕር መሰል መጠቆሚያ ነበር። በዚያው ዓመት እዚያው ማእከል ውስጥ የተሠራው አልቶ የተባለው ኮምፕዩተር ማውስና ባለ ነጥብ ስክሪን አንድ ላይ አጣመረ። የአልቶ ስክሪን 606 በ808 ነጥብ ሲሆን፣ ይህን መዝግቦ ለመያዝ ብቻ ከ61,000 ባይት በላይ ይፈጅ ነበር። ይህም የመጀመሪያዎቹ አልቶዎች ከነበራቸው ሜሞሪ ግማሽ ያህሉ ነው።

በማእከሉ ውስጥ የአለን ኬይና የአዴል ጎልድበርግ ቡድን ኮምፕዩተር ለሕፃናት ምን ሊጠቅም እንደሚችል ያጠና ነበር። ሁለቱ በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ራስዋ ያዘጋጀችው የሥዕል ፕሮግራም ነው። ይህ ማስረጃ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ተማሪዋ በመሣሪያው ሥዕል ከመሣል አልፋ የሥዕሉን መሣሪያ ሠርታለች። ሥዕል ለኮምፕዩተር ትምህርት መግቢያ በር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በዚሁ ዘመን ሌላም አስተሳሰብ ብቅ አለ። በ1976 ላንስ ሚለርና ጆን ቶማስ የተባሉ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ፣ ኮምፕዩተር የሚጠቀም ሰው ቢያንስ የመጨረሻውን ትእዛዙን መሻር ቢችል ታላቅ ጥቅም እንደሚኖረው አመለከቱ። የሰው ልጅ መሳሳቱ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ሐሳብ ግን ስሕተቱን ለማረም የሚያስፈልገውን ወጪ መሣሪያው እንዲሸከም ማድረግ ነበር።

4. የ128 ኪሎባይት በጀት

በጥር ወር 1984 አፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፕዩተር በ2,495 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ከኮምፕዩተሩ ጋር ማክፔይንት የተባለ የሥዕል ፕሮግራም አብሮ ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ቢል አትኪንሰን ሲሆን፣ በኮምፕዩተሩ ላይ የሚታዩትን ብዙዎቹን ትንንሽ ምልክቶች የሣለችው ሱዛን ኬር ናት።

የማክፔይንት ገጽ ለማንም እንግዳ አልነበረም። በስክሪኑ ግራ በኩል እርሳስ፣ ብሩሽ፣ ላጲስ፣ የቀለም መርጫ፣ የቀለም ባልዲና የሥዕሉን ክፍል ከብቦ የሚያነሣ ገመድ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ተጠቃሚው አንዱን በማውስ ጠቁሞ ከመረጠ በኋላ ቁልፉን ተጭኖ ይሥላል። ጥቃቅኑን ነጥብ ለማስተካከል የሥዕሉን ክፍል ስምንት እጥፍ አጉልቶ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማጥቆርና ማንጣት ይቻል ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊት ኮምፕዩተር አይቶ ባያውቅም እርሳስና ላጲስ ያውቃል፤ ስለዚህ አዲሱን የተማረው በሚያውቀው ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ጥብቅ የበጀት ችግር ነበር። የማኪንቶሹ ሜሞሪ በጠቅላላው 128 ኪሎባይት ማለትም 131,072 ባይት ነበር። 512 በ342 ነጥብ የሆነው ስክሪን ብቻውን 21,888 ባይት፣ የጠቅላላውን አንድ ስድስተኛ ይወስዳል። አንድ ሙሉ የማክፔይንት ሥዕል 576 በ720 ነጥብ ስለ ሆነ 51,840 ባይት ይጠይቃል። ፕሮግራሙና የኮምፕዩተሩ ሌላ ሥራም ቦታ ስለሚፈልጉ፣ ሙሉው ሥዕል በዲስክ ላይ እንዲቀመጥና በመሣያው መስኮት የሚታየው ክፍል ብቻ በሜሞሪ እንዲያዝ ተደረገ።

ይህ መስኮት 416 በ240 ነጥብ ነበር፤ በባይት ሲሰላ 12,480 ይሆናል። እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ ይቀጥላል ተብሎ ይገመታል። አትኪንሰን ግን ሁለት ቅጂ ያዘ። አንደኛው ሥዕሉን አሁን ባለበት ሁኔታ፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው ድርጊት በፊት እንደ ነበረ ይመዘግባል። ሁለተኛው ቅጂ የፕሮግራሙንም አሠራር ማቃለሉ እውነት ነው። ለተጠቃሚው የሰጠው ዋና ጥቅም ግን የተሳሳተውን መልሶ መሻር መቻሉ ነበር። ከጠቅላላው ሜሞሪ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋው ለዚህ ቅጂ ተመደበ ማለት ነው።

ምደባው ከንቱ እንዳልነበረ የቀለም ባልዲው ያስረዳል። ባልዲው በአንድ ቅርጽ ውስጥ ሲጠቆም ቀለሙ ዳር ድንበር እስኪያገኝ ድረስ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይፈሳል። በድንበሩ ላይ የአንዲት ነጥብ ክፍተት እንኳ ብትኖር ቀለሙ በዚያ ሾልኮ ገጹን ሁሉ ያጥለቀልቃል። ብዙ የደከሙበት ሥራ በአንድ ጊዜ ይበላሻል። መሻር ባይኖር ኖሮ ጀማሪው ባልዲውን ዳግመኛ ባልነካ ነበር። መሻር በመኖሩ ግን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ክፍተቷን ይፈልጋል፤ ይደፍናል፤ እንደገና ያፈሳል። በዚህም መካከል ዝግ ቅርጽ ምን ማለት እንደ ሆነ በራሱ እጅ ይማራል።

ማረሚያው ወሰን ነበረው። የሚሻረው አንድ ርምጃ ብቻ ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ የሰፈረ ጽሑፍም ወዲያው ነጥብ ስለሚሆን እንደ ፊደል ሊታረም አይችልም ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚው ወደሚቀጥለው ከመሄዱ በፊት የሠራውን እንዲመለከት ይገደድ ነበር።

5. ከማክፔይንት በኋላ

በ1985 ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ዊንዶውስ ሲያወጣ ፔይንት የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ጨምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ዳን ሲልቫ ለአሚጋ ኮምፕዩተር ያዘጋጀው ዴሉክስ ፔይንት ባለ ቀለም ሥዕልን በብዙ ቤት አስገባ። ሜሞሪ እየረከሰ በሄደ መጠን የመሻር ዕድሉም ሰፋ። በዊንዶውስ 95 ፔይንት ሦስት ርምጃ፣ በ2009 በወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ ሃምሳ ርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ተቻለ።

ለትምህርት ባለሙያ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የክሬግ ሂክማን ሥራ ነው። ሂክማን ገና ማንበብ ያልጀመረው ትንሽ ልጁ በማክፔይንት ሲሥል ተመለከተ። ልጁ ማውሱን ፈጥኖ ለመደ፤ የተቸገረው ሳያስበው የትእዛዝ ዝርዝር ሲከፍትና አንብቦ ካልመለሰ የማይለቀው መልእክት ሲደቀንበት ነበር። ችግሩ የልጁ ሳይሆን የመሣሪያው መሆኑን አባትየው ተረዳ። በ1989 ኪድ ፒክስ የተባለውን ማንበብ የማይጠይቅ ፕሮግራም አወጣ፤ ይህም በ1991 በብሮደርባንድ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረበ። በዚህ ፕሮግራም መሻር ከትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ ወጥቶ በሰው ፊት ምልክት ተመስሎ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተቀመጠ። ላጲሱም ገጹን በርችት አፈንድቶ እስከ ማጥፋት ድረስ የጨዋታ ዕቃ ሆነ።

6. ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ከዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮችን ማውጣት ይቻላል።

ሀ. ኮምፕዩተር በሚገኝበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች የመሣሪያውን ክፍሎች ስም በማስጠናት ማለቅ የለባቸውም። ተማሪው ስሙን በማውስ ቢጽፍና ቤቱን ቢሥል እጁ ይለመዳል፤ ስሞቹም ከሥራው ጋር ይያዙለታል።

ለ. ኮምፕዩተር ባልገባበት ትምህርት ቤትም ትምህርቱ አይቀርም። ባለ ካሬ ደብተር ላይ 16 በ16 ካሬ ተከልሎ «ሀ» ወይም «መ» በጥቁርና በነጭ ካሬ ብቻ እንዲወጣ ቢታዘዝ፣ ተማሪው ቢትማፕ ምን እንደ ሆነ ይረዳል። ያጠቆራቸውን ካሬዎች ሲቆጥርም የሒሳብ ትምህርት ይገኝበታል። ካሬዎቹ 256 ስለ ሆኑ 32 ባይት እንደሚፈጁ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ሐ. ሀብት ሲያንስ ቀድሞ የሚቀነሰው የማረሚያ ጊዜ፣ የድጋሚ ሙከራ ወረቀትና የመለማመጃ ሰዓት መሆኑ በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። የማክፔይንት ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ሜሞሪው እጅግ ጠባብ ሳለ ለማረሚያው ድርሻ ተመድቧል፤ ተጠቃሚው ሌሎቹን መሣሪያዎች ሳይፈራ ሊጠቀምባቸው የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

የማክፔይንት የፕሮግራም ጽሑፍ በ2010 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፕዩተር ታሪክ ሙዚየም አማካይነት ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። በፓስካል ቋንቋ 5,804፣ በአሴምብሊ ቋንቋ 2,738 መሥመር ነው። ቢል አትኪንሰን በ2025 ዐርፏል። ከሺዎች መሥመር በማይበልጥ ጽሑፍ ውስጥ፣ የሚሳሳተው ሰው አስቀድሞ ታስቦለት ነበር። የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የደብተርና የወረቀት በጀት፣ የፈተና ደንብ የሚያወጣ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ በራሱ ሠንጠረዥ ላይ ሊያቀርብ ይገባዋል፤ ተማሪው በሚሳሳትበት ጊዜ ተመልሶ የሚጀምርበት ቦታ የት ተመድቧል?