የጥቅል ፊልም መቆረጥና የስሜን ገደሎች

በጎንደር የፋሲል ግንብን ከቅርብ ለማንሣት ካሜራውን ወደ ላይ ያዘነበለ ሰው፣ ማማዎቹ ወደ ኋላ የተዘመሙ ይመስሉበታል። በትልቅ ነጠላ ፊልም የሚሠራው ካሜራ ግን ሌንሱ ብቻውን ከፍ ስለሚል ግንቡን ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1889 የኢስትማን ኩባንያ የሴሉሎይድ ጥቅል ፊልም ለገበያ ካቀረበ በኋላም ይህ ካሜራ ከባለሙያ እጅ አልወጣም። የሚከብደው የነጠላ ፊልሙ ዋጋ ነው። ስለዚህም በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለሙያዎች ለአየር ካሜራ የተሠራውን ሰፊ ጥቅል እየገዙ በነጠላ መቁረጥን ለመዱ።

የጥቅሉ ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 76 ሜትር የሚረዝመው፣ በ20 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ 300 ያህል ነጠላ ይወጣዋል። ፊልሙ ለቀይ ብርሃን ሳይቀር ንቁ በመሆኑ ሥራው በድቅድቅ ጨለማ፣ በዳሰሳ ይከናወናል። በፋብሪካ የተቆረጠው ፊልም ፊቱን የሚያሳውቅ ምልክት በጠርዙ ላይ አለው፤ በእጅ የተቆረጠው ግን የለውም። ስለሆነም ሠራተኛው ጠርዙን በረጠበ ከንፈሩ ይነካል፤ ብዙውን ጊዜ ብርሃን ተቀባዩ ፊት የሚጣበቀው ነው። ፊልሙ ስስ ስለ ሆነም ይጠቀለላል፤ በመያዣው ውስጥ ካልተወጠረ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ገና ሥዕል ስላልተነሣበት ፊልም ነው። ከተነሣበት በኋላ መቁረጥ ሌላ ጉዳይ ነው። አውሮፕላኑ ሲበር ተከታታይ ሥዕሎች 60 በመቶ ያህል እንዲደራረቡ ተደርገው ይነሣሉ። የሊማሊሞ ገደል በአንዱ ሥዕል ላይ ብቻውን ሲታይ ጥቁር መስመር ከመሆን አያልፍም፤ ጎረቤቱ ሥዕል አጠገቡ ተቀምጦ በጥንድ መነጽር ሲታይ ግን ጥልቀቱ ይገለጣል። ዋልያ የሚኖርባቸውን ገደሎች የሚያሳየው፣ ፒተር ሽቴሊና ማክስ ጹርቡኸን በ1፡25,000 መጠን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1978 በበርን የታተመው የስሜን ካርታም ከአየር ፎቶግራፍ የተሠራ ነው። ቁጥር ሳይጻፍበት የተቆረጠ ሥዕል ጎረቤቱን ያጣል፤ ለካርታ ሠሪም ከንቱ ይሆናል።

ኢጣሊያውያን እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 በኢትዮጵያ ላይ ያነሧቸው ሥዕሎች ከዚህ ጥፋት የዳኑት በአያያዛቸው ነው። በአንድ ጊዜ የተነሡት አራት ሥዕሎች፣ ማለትም አንዱ ቁልቁል፣ ሦስቱ በአግድም ያዘነበሉ፣ በአንድ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው መለያ ተጽፎባቸዋል። ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ሰሌዳዎች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደ ተደረደሩ ተገኝተዋል።