ከማይጨው 90 ቀን በፊት፦ "ኸርትስ ኦፍ አይረን 4"ን ለሚጀምር ሰው

ጀሞ ወይም ለቡ አካባቢ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ገብታችሁ ይሄን ጌም ብትጠይቁ አታገኙትም። እዚያ ያለው በብዛት ኳስ ነው፤ አንድ ጌም ትጫወታላችሁ፣ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ትወጣላችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ዓይነት ጌም ነው። አንዱን ዙር እስከ መጨረሻው ለመጫወት ከአሥር ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሲከፈት ስክሪኑ በቁጥርና በምልክት የተሞላ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን "ይሄ ሥራ እንጂ ጨዋታ አይደለም" ብሎ ይተወዋል። ግን በቀጥታ እኛን የሚመለከት ታሪክ ውስጡ አለ፤ ለዚያ ነው የምንጽፈው።

"ኸርትስ ኦፍ አይረን 4" የስዊድኑ ፓራዶክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌም ነው። ወታደር ሆናችሁ አትተኩሱም። አገር ትመራላችሁ፤ ፋብሪካውን፣ ምልመላውን፣ ምርምሩን፣ ዲፕሎማሲውንና ግንባሩን። በዓለም ካርታ ላይ ያለ የትኛውንም አገር መምረጥ ይቻላል፣ ኢትዮጵያንም ጭምር።

መጥፎውን ዜና አስቀድመን እንንገራችሁ፦ ስልክ ላይ አይሠራም። ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ያስፈልጋል።

የሚጀምርበት ቀን

ጌሙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ነው። በኛ ሲቆጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ይሆናል። ጣሊያን መረብን ተሻግሮ የገባው መስከረም 22 ስለሆነ፣ ኢትዮጵያን መርጣችሁ ስትገቡ ጦርነቱ ሦስት ወር ሞልቶታል። የማይጨው ጦርነት የተደረገው ደግሞ መጋቢት 22 ነው። ስለዚህ ጌሙ ሲከፈት ከማይጨው በፊት ያላችሁ ልክ 90 ቀን ነው።

90 ቀን በዚህ ጌም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ እዩ። አገሪቱ ወደ የት እንደምትሄድ የምትወስኑት "ናሽናል ፎከስ" በሚባለው ነው፤ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ አንዱን ውሳኔ ትመርጡና እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ። አጠር ያሉም አሉ፣ ግን የተለመደው አንዱ 70 ቀን ይፈጃል። በቃ፣ እስከ ማይጨው ድረስ የሚያልቅላችሁ አንድ ነው። ሁለተኛውን ስትጀምሩ ሰዓቱ ሞልቷል። ጊዜ ምን ያህል አጥሮ እንደነበር ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

የሚያናድደው ትምህርት

አሁን ወደሚያንቀው ነገር እንምጣ። ጌሙ ይዞት የወጣው የጀማሪዎች ማስተማሪያ ጣሊያንን ይሰጣችሁና ኢትዮጵያን እንድትወሩ ያደርጋል። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። በዓለም ዙሪያ ያለ ጀማሪ ግንባር መዘርጋትና ማጥቃት የተማረው ወደ አዲስ አበባ ቀስት እየሳበ ነው። ለሠሪዎቹ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገና ሲጀመር የተከፈተ ጦርነት ያለው፣ አንዱ ወገን በመሣሪያ በጣም የሚበልጥበት፣ ስለዚህ ለማስተማር የሚመች ቦታ እኛ ነን።

እኔ መጀመሪያ ስከፍተው ዘጋሁት። ቆይቼ ግን ተመልሼ ጨረስኩት፤ እናንተም ብትጨርሱት ይሻላል። አንደኛ፣ ቁልፎቹን በሥርዓት የሚያሳየው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያ ወገን ሆናችሁ ስታዩ የጣሊያን ጦር የት ጋ እንደሚደክም ይገባችኋል። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚበላውና የሚተኩሰው በባሕር መጥቶ፣ በጥቂት ወደቦች ገብቶ፣ ተራራ የሚወጣ ነው። ይሄን ከያዛችሁ ኢትዮጵያን ስትመርጡ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

መጀመሪያ መያዝ ያለባችሁ

ሁሉንም ምልክት ለማወቅ አትሞክሩ። ማንም በአንድ ሳምንት አያውቀውም። አራት ነገር ይበቃል።

ጊዜ። ጌሙ ተራ በተራ የሚሄድ አይደለም፤ ሰዓቱ ለሁሉም አገር እኩል ይሮጣል። የድሮውን የኛን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። እዚያም መጀመሪያ ላይ "ወረራ" የሚባል ክፍል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፉ ነበር። እዚህ የሚለየው ማቆም መቻላችሁ ነው። ስፔስን ስትነኩ ዓለም ይቆማል፤ ቆሞ እያለም ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። ፍጥነቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ውጊያ ላይ ከሆናችሁ ከ2 አትለፉ። ጀማሪ የሚሸነፈው በ4 እያስሮጠ ስልኩን ሲያይ ነው።

ኦርጋናይዜሽን። እያንዳንዱ ክፍለ ጦር ሁለት መስመር አለው። አንዱ የሰውና የመሣሪያ ብዛት ነው፣ ሌላው ኦርጋናይዜሽን፣ ማለትም ጦሩ ተያይዞ የመቆም አቅሙ። ይሄኛው ባዶ ሲሆን ሰው ቢኖረውም ያፈገፍጋል። ማፈግፈጊያ መንገድ ከሌለው፣ ማለትም ከተከበበ፣ ይደመሰሳል። ስለዚህ ማሸነፍ ማለት ብዙ መግደል ሳይሆን የጠላትን ማፈግፈጊያ መዝጋት ነው።

ስንቅ። ይሄን ያልተረዳ ሰው መቶ ሰዓት ቢጫወትም ጀማሪ ነው። ጦር የሚበላው ከዴፖ ነው፤ ዴፖው የሚሞላው በባቡርና በወደብ ነው። ከዴፖው በራቃችሁ ቁጥር፣ መሬቱም በከፋ ቁጥር፣ ጦሩ እየደከመ ይሄዳል። ካርታው ላይ የስንቅ ማሳያውን ክፈቱና አገራችንን እዩት። ዛሬ ፉሪ ለቡ ላይ ትልቅ ጣቢያ ያለው አዲሱ የጅቡቲ መስመር አለ፤ በዚያ ዘመን ግን ከባሕር አዲስ አበባ የሚደርሰው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. የገባው የድሮው የጅቡቲ መስመር ብቻ ነበር። ወደ ሰሜን ምንም የለም። ትግራይ ላይ 20 ክፍለ ጦር ደርድራችሁ "ለምንድን ነው የሚቀልጡት?" ካላችሁ፣ መልሱ የስንቅ ካርታው ላይ ተጽፏል።

መሬት። ተራራ ላይ የሚያጠቃ ይቀጣል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ደግሞ ቀን በቀን ምሽጉን እየቆፈረ ይጠነክራል። አለመንቀሳቀስም ስልት ነው።

ምርምር፣ ንግድ፣ ባሕር ኃይል፣ አየር ኃይል ለጊዜው ይቆዩ። ኢትዮጵያ እንደሆነ ባሕር የላትም፤ ከዚህ በላይ የሚቀል የለም።

ኢትዮጵያን ስትይዙ

ጌሙ ሲከፈት አቁሙት። ጦራችሁን በጄኔራሎች ሥር አድርጉ፤ አንድ ጄኔራል ያለ ችግር የሚይዘው 24 ክፍለ ጦር ነው። ግንባሩ ሁለት ነው፤ ሰሜኑ ከኤርትራ፣ ደቡብ ምሥራቁ ከጣሊያን ሶማሊያ። በሁለቱም ላይ የግንባር መስመር ዘርጉ። የማጥቂያውን ቀስት ግን አትሳቡ። ጀማሪ የሆነ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ባንዲራውን ያይና ደሙ ይፈላል፣ በመጀመሪያው ቀን አጥቁ ይላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጦር የለውም።

ምክንያቱን እውነተኛው ታሪክ ያሳያል። በዚያ ወቅት ሰሜን ላይ የነበረው ጦር ተበታትኖ ነበር፦ ራስ እምሩ ሽሬ፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተምቤን፣ ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ከኋላ። ባዶሊዮ አንድ ላይ አልገጠማቸውም። በየካቲት አምባ አራዶምን፣ ቀጥሎ ተምቤንን፣ ቀጥሎ ሽሬን እያለ በየተራ መታቸው። አንዱ ሲመታ ሌላው ፈጥኖ የሚደርስበት መንገድም መገናኛም አልነበረም። በሬዲዮ የሚተላለፈውን መልእክት ደግሞ ጣሊያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር፤ የማይጨውን ጥቃት አስቀድመው ያወቁት በዚሁ ነው። (የክፍለ ከተማችን ስም ውስጥ ያለው "ነፋስ ስልክ" እኮ ሽቦ አልባውን መገናኛ የሚጠራ የዚያ ዘመን ቃል ነው። በነፋስ የሚሄድ ነገር ማንም ሊይዘው ይችላል።) በዚያ ላይ የመርዝ ጋዝ አለ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ከአውሮፕላን ይወርድ ነበር። ስለዚህ ስትሸነፉ "የድሮዎቹ ምን ነካቸው?" ከማለታችሁ በፊት፣ እናንተ ካርታውን ከላይ እያያችሁ፣ ሰዓቱንም እያቆማችሁ እንደምትጫወቱ አትርሱ።

እንግዲህ የሚያዋጣው ይሄ ነው። ሰሜን ላይ ወደ ኋላ ሳብ ብላችሁ ተራራው ላይ ቁሙ። መስመሩ እንዳይረዝም አድርጉ፤ ባጠረ ቁጥር ጦሩ ይወፍራል። ፋብሪካችሁ በጣም ጥቂት ስለሆነ ያለውን ሁሉ ጠመንጃ ላይ አውሉት፤ ታንክ የሚባል ነገር አታስቡ። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ዙሩ። ልምድ ያላቸው ብዙ ተጫዋቾች ሰሜኑን ይዘው የሶማሊያውን ግንባር አስቀድመው ለመዝጋት ይሞክራሉ፤ ሐሳቡ ሞቃዲሾን ይዞ የጣሊያንን ስንቅ ከዚያ በኩል መቁረጥ፣ ቀጥሎ ነፃ የወጣውን ጦር ይዞ ወደ ሰሜን መመለስ ነው። የመጨረሻው ግብ ምጽዋ ናት። ምጽዋ ከተያዘች ከላይ ያለው የጣሊያን ጦር በረሃብ ይደክማል።

መልሶ ማጥቃት መቼ ነው? የጠላት ክፍለ ጦር ተራራችሁን እየገጨ ኦርጋናይዜሽኑ ሲያልቅ። አንድ ወይም ሁለት ግዛት ብቻ ገፍታችሁ ከኋላው ዝጉበት፣ ደምስሱት፣ ተመለሱ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች ያደረጉት ይሄንኑ ነው። የጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ሲገቡ መውጫውን ዘግተው ማረኳቸው። ጌሙ ከመጀመሩ 17 ቀን በፊት መሆኑ ነው።

ላፕቶፕ፣ ገንዘብ፣ መብራት

ጌሙ የሚያደክመው ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩን ነው። መካከለኛ ላፕቶፕ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዓመታቱ በገፉ ቁጥር ግን ይዘገያል። 8 ጂቢ ራም ቢኖረው ጥሩ ነው።

የሚሸጠው ስቲም ላይ ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን የምንቆመው እዚህ ጋ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ ስቲም በየጊዜው ትልቅ ቅናሽ ስለሚያደርግ ያንን ጠብቃችሁ ጠይቁ። ተጨማሪ ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም ለመግዛት አትሞክሩ። ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የፎከስ ዛፍ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው "ባይ ብለድ አሎን" ነው፤ መንግሥቱ ተሰዶ ከውጭ ትግሉን የሚቀጥልበት መንገድም እዚያ ውስጥ አለ። ያለሱም ኢትዮጵያን መጫወት ይቻላል፣ ዛፉ ግን ከሌሎች ትንንሽ አገሮች ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። ከሰው ፍላሽ ላይ የተገኘ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው አሮጌ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ትምህርት ከያዛችሁት ጋር አይገጥምም፣ በተለይ የስንቁ ነገር በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል።

ሴቭ ማድረግን አትርሱ። አንድ ቅዳሜ ጀሞ፣ ጓደኛዬ ቤት፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ አምስት ሰዓት ተጫውተን ሞቃዲሾ በር ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ (በጌሙ ወር) ሴቭ አደርጋለሁ። "አይረንማን" የሚባለውን ምርጫ ለጊዜው ተዉት፤ እሱ ወደ ኋላ እንድትመለሱ አይፈቅድም። የችግሩን ደረጃ "ሲቪሊያን" ላይ አድርጉት፤ ዝቅተኛው እሱ ነው፣ ማንም አይስቅባችሁም። "ሂስቶሪካል ፎከስ" የሚለውን ክፍት አድርጉት፤ ሌሎቹ አገሮች ታሪኩን ተከትለው ስለሚሄዱ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ትችላላችሁ።

ሁለት ሆናችሁ በአንድ ላፕቶፕ ብትጫወቱ ደግሞ ይቀላል። አንዱ ማውዙን ይይዛል፣ ሌላው ስልኩ ላይ ያነባል፣ የስንቅ ካርታውን ይጠብቃል። እኛ ብዙ ጊዜ የተጣላነው ምሽግ ይዘን እንቆይ ወይስ እንገስግስ በሚለው ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። የመጀመሪያውን ዙር ስትጫወቱ ይሄን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉትና አጠገባችሁ አስቀምጡት። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ እስከዚያ እንኳን አልቆየሁም። በሁለተኛው ሰኔን አየሁ። በአራተኛው ክረምቱ ገባና ጣሊያን አሁንም ደሴ አልደረሰም ነበር፤ የዚያን ቀን ማታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተኛሁም።