ቤንዚኑን የሚይዘው ሙጫው ነው፦ የካርቦን ፋይበር ሰልባትዮ ታሪክ

ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው በሁለት ጉልበቶቹ መካከል አሥር፣ አሥራ አምስት ሊትር ቤንዚን አቅፎ ነው የሚሄደው። ከቤንዚኑ ሥር የጋለ ሞተር አለ፤ ከኋላው ደግሞ ነጂው ራሱ። እነዚህን ሦስቱን የሚለያያቸው አንድ ዕቃ ነው፤ የኛ መካኒኮች ከጣልያንኛ በወረስነው ቃል ሰልባትዮ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከስስ ላሜራ ተበይዶ ነው የሚሠራው። ሞተሩ ሲወድቅ ይሰረጉዳል፣ ይጨረመታል፤ ግን በአብዛኛው አያፈስም።

ታዲያ አንዳንድ ሰዎች ይህን የታመነ ላሜራ ትተው ሰልባትዮአቸውን ከጥቁር ጨርቅና ከሙጫ የሚሠሩት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ክብደት ነው። መጠናቸው እኩል የሆነ ብረትና በሙጫ የደረቀ ካርቦን ፋይበር ብትመዝኑ፣ ካርቦኑ የብረቱን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ሁለተኛው ምክንያት ቅርጽ ነው፤ ጨርቅ እንደፈለጉት ይታጠፋል፣ ለአንድ ሰው ጉልበት ልክ ይሠራል። ይህን ማንም ይነግራችኋል። ያን ያህል የማይወራው፣ ክሩ ብቻውን አንድ ጠብታ ቤንዚን እንኳ እንደማይዝ ነው። ጨርቅ ነዋ! ቤንዚኑን የሚያግተው ሙጫው ነው። የዚህ ዕቃ ታሪክ ግማሹ የክሩ ዝና ሲሆን፣ ግማሹ የሙጫው ጣጣ ነው።

ከክሩ እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኤዲሰን በ1879 አምፖሉ ውስጥ ያበራው የከሰለ የጥጥ ክር በአንድ በኩል የካርቦን ክር ነበር፤ ግን ትንሽ ነካ ካደረጉት ይሰበራል። ጠንካራውን ክር ያየው ሮጀር ቤከን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በ1958፣ ኦሃዮ ውስጥ በዩኒየን ካርባይድ ቤተ ሙከራ። ክር ፍለጋ ላይ አልነበረም። ካርቦን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ምን እንደሚሆን እየለካ ሳለ፣ በመሣሪያው ውስጥ ከጸጉር በብዙ የቀጠኑ ዘንጎች በቅለው አገኘ። ሲጎትታቸው ከብረት በብዙ እጥፍ ጠነከሩ። ቤከን ራሱ በኋላ ሲያስታውስ፣ ያኔ ያመረቱት ነገር ዋጋ በግማሽ ኪሎ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቶ ነበር። በዚያ ዋጋ ሰልባትዮ ቀርቶ የሰልባትዮ ክዳን አይሠራም።

ርካሹን መንገድ ያገኙት ጃፓኖችና እንግሊዞች ናቸው። አኪዮ ሺንዶ ኦሳካ ውስጥ፣ ቀጥሎም በፋርንቦሮ የብሪታንያ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም የነበሩት ዊልያም ዋትና ባልደረቦቹ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን ወደ አክሪሊክ አዞሩ። አዎ፣ ሹራብና ብርድ ልብስ የሚሠራበት የአክሪሊክ ዘመድ ነው። ይህን ክር እየወጠሩ መጀመሪያ በመጠነኛ ሙቀት ያበስሉታል፤ ቀጥለው ኦክስጅን በሌለበት ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያግሉታል። ሌላው ሁሉ ተኖ ይሄድና ካርቦኑ በክሩ ርዝመት ተሰልፎ ይቀራል። የጃፓኑ ቶሬይ በ1971 ክሩን ለገበያ አቀረበ።

በዚሁ ጊዜ ግን ክሩ ክፉኛ ተዋርዷል። ሮልስ ሮይስ አርቢ211 ለተባለው የአውሮፕላን ሞተሩ የፊት ማራገቢያ ምላጮቹን ከካርቦን ፋይበር ሠርቶ ነበር። አውሮፕላን በራሪ ወፍ መዋጡ ስለማይቀር፣ በ1970 ምላጮቹ በወፍ ግጭት ተፈተኑ። ተሰባበሩ። ኩባንያው ወደ ታይታኒየም ዞረ፤ የሞተሩ ወጪ ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ ስለነበር በየካቲት 1971 ከሰረ፤ መንግሥት ወረሰው። ለክስረቱ ምላጩ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። ያም ሆኖ ምላጩ ያሳየውን ጠባይ ያዙልኝ፤ ወደ ሰልባትዮው ስንመለስ ይጠቅመናል። ብረት ሲመታ ይሰረጉዳል፤ ካርቦን ፋይበር ግን እስከ ጫፍ ድረስ ይችልና በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል።

ሞተር ሳይክሎች ደግሞ በሌላ በር ከዚሁ ችግር ጋር ተገናኝተዋል። ከካርቦን በፊት የነበረው ፋይበርግላስ ነው፤ የመስታወት ክርና ፖሊስተር የተባለ ሙጫ። በ1967 ለንደን ላይ ለሕዝብ የቀረበው ኖርተን ኮማንዶ ሰልባትዮው ፋይበርግላስ ነበር። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ አይዝግም። ነገር ግን በአደጋ ጊዜ የተሰነጠቀ ሰልባትዮ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ሊያፈስ ይችላል። ብሪታንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለመንገድ ሞተሮች ከለከለችው፤ ኖርተንም ወደ ላሜራ ተመለሰ።

ብዙ አሮጌ ፋይበርግላስ ሰልባትዮዎች ግን እየሠሩ ቆዩ፤ አንዳንዶቹም ለሠላሳ ዓመት ቤንዚን ይዘው ምንም አልሆኑም። ከዚያ ቤንዚኑ ተለወጠ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በየማደያው ተስፋፋ። የአሮጌ ሞተር ባለቤቶች ሰልባትዮአቸው ሲለሰልስ፣ ቀለሙ ሲያብጥ፣ ካርቡሬተራቸው በሚያጣብቅ ነገር ሲደፈን አዩ። ሙጫው እየሟሟ ነበር።

ቤንዚን ለሠላሳ ዓመት ያልቻለውን ኢታኖል እንዴት ቻለው? ውሃና ዘይት ለምን እንደማይቀላቀሉ ታውቁ ይሆናል። የቤንዚን ሞለኪውሎች እንደ ዘይት ናቸው፤ ሙጫው ውስጥ ያሉት ኦክስጅን የያዙ ቡድኖች እምብዛም አይስቧቸውም። ኢታኖል ግን እንደ ውሃ አንዱ ጫፉ የኤሌክትሪክ ዝንባሌ አለው፤ በዚያ ላይ ትንሽ ነው። የሙጫው ሞለኪውሎች እንደ መረብ የተያያዙ ናቸው፤ ኢታኖሉ በመረቡ ቀዳዳ ይገባል፣ ከነዚያ ቡድኖች ጋር ይያዛል፣ መረቡን ይለጥጠዋል። መረቡ ያልተጠናቀቀ ከሆነ ደግሞ ያልተያያዘውን ክፍል አጥቦ ይወስደዋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ በቤንዚን ውስጥ ተቀላቅሏል። የከተማችን ሞተሮች ሰልባትዮ ላሜራ ስለሆነ የሙጫ ጣጣ አልነካቸውም።

የካርቦን ዘመን ሲመጣ ክሩ ተቀየረ፤ ቤንዚኑን የሚያግተው ግን ያው ሙጫ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጆን ብሪትን የተባለ ኒውዚላንዳዊ ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ከካርቦንና ከኬቭላር ክር ቸርኬ ሳይቀር የሠራለትን እሽቅድድም ሞተር ይዞ ወጣ፤ ታላላቅ ፋብሪካዎችንም አሳፈረ። በ1995 በካንሰር ሲሞት 45 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርቦን ጨርቅ ገዝቶ በጋራዥ ውስጥ መሞከር ለማንም የሚቻል ነገር መሰለ።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሰልባትዮው ቅርጽ ከፎም ይቀረጻል። በላዩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ የሚከፈል ቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ ውስጡ ሰም ይቀባል። ጨርቁ ድርብ ድርብ ሆኖ ከሙጫው ጋር ይነጠፋል፤ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል፣ ምክንያቱም በሙጫው ውስጥ የቀረች አረፋ ነገ ቀዳዳ ልትሆን ትችላለች። ጥንቁቅ ሠሪ ከውስጥ በኩል የኬቭላር ድርብ ይጨምራል፤ ካርቦኑ ቢሰነጠቅ እንኳ ኬቭላሩ እንዳይበጠስ። የወፏን ነገር አልረሳም ማለት ነው። የአልሙኒየም አፉ ከካርቦኑ ጋር በቀጥታ አይነካካም፤ እርጥበት ካገኙ ሁለቱ እንደ ባትሪ ድንጋይ ሆነው አልሙኒየሙ ይበላል። ስለዚህ መካከላቸው የመስታወት ጨርቅ ይገባል።

ሙጫው ዛሬ በፖሊስተር ፈንታ ብዙ ማያያዣ ያለው ኢፖክሲ ነው፤ ኖቮላክ የሚባለው ዓይነት መረቡ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ። ሙጫው በክፍሉ ሙቀት ይደርቅና እጅ ላይ ድንጋይ ይሆናል፤ መረቡ ግን ገና ነው። አምራቹ ባዘዘው ሙቀት ለሰዓታት ምድጃ ውስጥ ካልቆየ፣ ኢታኖሉ የሚገባበት በር ክፍት ነው።

ሰልባትዮው ሲያልቅ ትንሽ አየር ተነፍቶበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ጎሚስታ የተነፈሰ ካላማዳሪያ እንደሚፈትሽ ማለት ነው። አረፋ ካልወጣ የዛሬውን ፈተና አለፈ። ለነገው ደግሞ ሠሪው ከዚያው ጨርቅና ሙጫ፣ በዚያው ምድጃ የበሰለች ቁራጭ ይወስዳል፤ በስሱ ሚዛን ይመዝናትና ክዳኑ በጠበቀ ጠርሙስ ውስጥ ኢታኖል ባለው ቤንዚን ይነክራታል። ከሳምንታት በኋላ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ እንደገና ይመዝናታል። ከብዳ ወይም ቀልላ ካገኛት ያን ሰልባትዮ ቤንዚን አይሞላበትም።